እጅ ሲናገር ዐይን ሲሰማ፤ መስማት ለተሳናቸው የሚላክ ሚሲዮናዊ አዋዋል

ሰባኪ ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው ድምፁ የጎላ፣ አንደበቱ የተባ፣ በአደባባይ ቆሞ ሕዝብን በቃሉ የሚማርክ ሰው ነው። የቃሉ ማማር፣ የድምፁ መውጣትና መውረድ፣ የዝማሬው ጣዕም የስብከቱ ግማሽ አካል ነው። ነገር ግን አድማጩ ከቶ የማይሰማ ቢሆንስ? ሰባኪው ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ያልፈዋል? ወይስ ቋንቋውን ለውጦ ወደ እርሱ ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰዎች በልዩ ልዩ አገር ተነሥተዋል። ከእነዚህም መካከል በተለምዶ ሞርሞን ተብሎ የሚጠራው የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን የሚልካቸው ወጣቶች ይገኙበታል። ዛሬ ለአንባቢያን የምናቀርበው የእነዚህን ወጣቶች አዋዋል ነው። ይህንም የምናደርገው ስለ ሃይማኖታቸው ለመከራከር ወይም ለመመስከር አይደለም። ከሥራቸው የሚገኝ አንድ ቁም ነገር ስላለ ነው፤ ይኸውም የማይሰማን ሰው ለማነጋገር መለወጥ የሚገባው ተናጋሪው መሆኑ ነው። ይህ ቁም ነገር ለአዴት፣ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ገጠር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሁለት ዓመት ስንብት

ይህ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1830 በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት በጆሴፍ ስሚዝ ተመሠረተ። ተከታዮቹም ብዙ ስደት ከደረሰባቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1847 ዩታ ገብተው ሰፈሩ። ወጣቶችን ለስብከት መላክ የቆየ ልማዳቸው ነው። ወንዱ ለሁለት ዓመት፣ ሴቷ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ትላካለች። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ ወጪውን የሚችሉት በአብዛኛው ወጣቶቹ ራሳቸው ወይም ቤተሰቦቻቸው ናቸው። የሚሄዱበትን አገር መምረጥም አይፈቀድላቸውም። የጥሪው ደብዳቤ ሲከፈት አንዱ ወደ ብራዚል፣ ሌላው ወደ ፊሊፒንስ መመደቡን ያነባል። አንዳንዱ ደግሞ በዚያው በአሜሪካ ውስጥ በምልክት ቋንቋ የሚነጋገሩትን ሰዎች እንዲያገለግል መታዘዙን ያገኛል።

ለዚህ ሥራ የታዘዘው ወጣት በዩታ በፕሮቮ ከተማ ወዳለው ማሠልጠኛ ገብቶ የአሜሪካን የምልክት ቋንቋ ይማራል። ፖርቱጋልኛ የሚማረው ጓደኛው ምላሱን ሲያፍታታ እርሱ ጣቶቹን ያፍታታል። ጣት ብቻውን ግን አይበቃም። ቅንድብ ሲነሣ ነገሩ ጥያቄ ይሆናል፤ ራስ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ዐረፍተ ነገሩ አሉታ ይሆናል፤ ፊትም እንደ እጅ ይናገራል። አንዱን ምልክት ከደረት ወደ ግንባር ማንሣት ወይም አንዲት ጣት መጨመር ትርጉሙን ፈጽሞ ሊለውጠው ይችላል። ፊቱን ቋጥሮና ዐይኑን ሰብሮ መናገር ጨዋነት መስሎት ያደገ ወጣት በዚህ ትምህርት ቤት አመሉን መልቀቅ ግድ ይሆንበታል።

ከንጋት እስከ ምሽት

ለብዙ ዓመታት በታወቀው ሥርዓት መሠረት የሚሲዮናዊው ቀን የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ተነሥቶ ይጸልያል፣ ሰውነቱን ያፍታታል፣ ቁርሱን ይበላል። ከዚያም መጽሐፍ ያነባል፤ ቋንቋውንም ያጠናል። ብቻውን አይንቀሳቀስም፤ ሁልጊዜ ከአንድ ጓደኛ ጋር ነው። አብረው ያድራሉ፣ አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ምሽት 3 ሰዓት ግድም ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ይጠፋል። በሳምንት አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ፣ ልብሳቸውን የሚያጥቡበትና ለቤተሰብ የሚጽፉበት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በየሳምንቱ በስልክ ከወላጆቻቸው ጋር መነጋገር ተፈቅዶላቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ከሌሎቹ ሚሲዮናውያን አይለይም። ልዩነቱ የሚጀምረው ከበር ላይ ነው። ሌሎቹ በአንድ ሰፈር ገብተው ከቤት ወደ ቤት ያንኳኳሉ። መስማት ለተሳናቸው የተላከው ግን ይህን ቢያደርግ ቀኑን ሙሉ የሚያገኘው የሚሰሙ ሰዎችን ብቻ ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተሰብስበው የሚኖሩበት መንደር የለም፤ እንደ ዘር በየስፍራው የተበተኑ ናቸው። ስለዚህ ሚሲዮናዊው ሰፈሩን ሳይሆን ሰውን መፈለግ አለበት። አንዱ ወዳጅ ወደ ሌላው ይመራዋል፤ ለአንድ ጉብኝትም ረጅም መንገድ ይጓዛል። የተባለው ቤት ሲደርስ ማንኳኳቱ ራሱ ከንቱ ሊሆን ይችላል፤ በብዙዎቹ ቤት የበሩ ደወል ሲጫን የሚጮህ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ መብራት የሚያበራ ነው።

ቤት ገብቶ መቀመጥም ሥርዓት አለው። መስኮትን ከኋላው አድርጎ የሚቀመጥ እንግዳ ፊቱና እጁ ይጨልማል፤ ስለዚህ ብርሃን ፊቱ ላይ በሚወድቅበት በኩል ይቀመጣል። በተናጋሪው መካከል ማለፍ ቃል መቁረጥ ነው። ዐይንን ከተናጋሪው ላይ አንሥቶ ወደ ሌላ መመልከት በእኛ ልማድ ጆሮን ደፍኖ እንደ መነሣት ይቆጠራል። ሰውን ለመጥራት ትከሻውን ቀስ ብሎ መንካት ወይም መብራቱን አጥፍቶ ማብራት ነውር አይደለም። በማዕድም ላይ ችግር አለ፤ እጅ በምግብ ሲያዝ ወሬው ይቋረጣል፤ ስለዚህ ወግ የሚያውቁ ሰዎች ይበላሉ፣ ያቆማሉ፣ ይጫወታሉ፣ እንደገና ይበላሉ።

ከሁሉ የሚገርመው ጸሎቱ ነው። በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ ሲጸለይ ዐይን ይጨፈናል። መስማት በተሳናቸው ጉባኤ ግን ዐይኑን የጨፈነ ሰው ጸሎቱን አይሰማም። ስለዚህ መሪው በእጁ ሲጸልይ ሕዝቡ ዐይኑን ገልጦ ይመለከታል። መዝሙሩም ድምፅ አልባ ነው። ምእመናኑ ሁሉ በአንድ ልክ እጃቸውን ሲያነሡና ሲያወርዱ፣ የሚሰማው የልብስ ኮሽታ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ስንኙና ምቱ በዐይን ይታያል።

በእንዲህ ያለው ስብሰባ መካከል አዲሱ ሚሲዮናዊ ያልጠበቀው ነገር ይደርስበታል። በዙሪያው ሰዎች ይሥቃሉ፤ ለምን እንደሚሥቁ አልገባውም። ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ይሄዳል፤ አንዱን ቃል ሲይዝ አራቱ ያመልጡታል። ሊያስተምር የመጣው ሰው የሚሰማ ጆሮ ይዞ ሳለ ከጨዋታው ውጭ ቀርቷል። መስማት የተሳነው ሰው በሚሰሙ ሰዎች መካከል ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረውን ኑሮ እርሱ በአንድ ምሽት ይቀምሰዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሚማረው ትምህርት ሁሉ ትልቁ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ ከየት መጣ?

የእጅ ቋንቋን ለትምህርት የማዋሉ ሥራ ከካህናት ጋር የቆየ ግንኙነት አለው። በ18ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ቄሱ ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ ድሆች የሆኑ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ሰብስቦ በራሳቸው ምልክት ማስተማር ጀመረ። ከዚያም አሜሪካዊው ቄስ ቶማስ ሆፕኪንስ ጋላውዴት ከፓሪሱ ትምህርት ቤት ሎራን ክሌርክ የተባለውን መስማት የተሳነው መምህር ይዞ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ1817 በሃርትፎርድ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈቱ። የዛሬው የአሜሪካ የምልክት ቋንቋ ከዚህ ትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ነው። ልክ ከ100 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ሞርሞኖች በዩታ በኦግደን ከተማ መስማት ለተሳናቸው አባሎቻቸው ልዩ ጉባኤ አቋቋሙ። በኋለኛው ዘመንም መጽሐፈ ሞርሞን የተባለው መጽሐፋቸው በምልክት ቋንቋ ተተርጉሞ በፊልም ተዘጋጀ። ለእጅ ቋንቋ መጽሐፉ ፊልም ነውና።

መንገዱ ግን ቀና ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1880 በጣሊያን አገር በሚላኖ የተሰበሰቡ መምህራን ልጆቹ በአፍ እንዲናገሩ ብቻ እንዲገደዱና የእጅ ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ወሰኑ። በዚህ ውሳኔ ምክንያት በብዙ አገር ምልክት የሠሩ ልጆች ይቀጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ዊልያም ስቶኪ የተባለ ምሁር የምልክት ቋንቋ እንደማንኛውም ቋንቋ ሥርዓትና ሰዋስው ያለው መሆኑን በጥናቱ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ በቫንኩቨር የተሰበሰበው ያው ዓለም አቀፍ የመምህራን ጉባኤ የሚላኖውን ውሳኔ ሽሮ ጸጸቱን ገለጠ። አንድ የተሳሳተ ውሳኔ ለመሻር 130 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

በአፍሪካ ምድር በዚህ ሥራ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ሚሲዮናዊ ደግሞ ራሱ የማይሰማ ሰው ነበር። አንድሩ ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ተወለደ። በ11 ዓመቱ እርሱና ወንድሙ በማጅራት ገትር በሽታ ታመው መስማት ተሳናቸው። በዋሽንግተን ከሚገኘው ጋላውዴት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 በዲግሪ ሲመረቅ ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ጋና ሄደና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1987 በሩዋንዳ በአውሮፕላን አደጋ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ከ30 በላይ ትምህርት ቤቶች አቋቁሟል። የሚሰማ ሚሲዮናዊ ቋንቋውን ተምሮ ይመጣል፤ ፎስተር ግን ቋንቋውን ይዞ መጣ። በእርሱ ፊት የቆመ ልጅም ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን፣ እንደ እርሱ ሳይሰማ ለማዕረግ የበቃ ሰው በዐይኑ አየ።

በአገራችን

በኢትዮጵያም መስማት ለተሳናቸው ልጆች የዘመናዊ ትምህርት በር በመክፈት ረገድ የሚሲዮናውያን ድርሻ ትልቅ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከተባለው ማኅበር የመጡ አሜሪካውያን በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የመካኒሳውን ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ኋላም በሆሳዕና ከተማ ሌላ ተጨመረ። ሞርሞኖቹ ግን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በሌላ በር ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ፣ ጥር 19 ቀን፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባሎቻቸው ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ለተራቡ እንዲሰጡ ተጠየቁ፤ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይም ተሰበሰበ። ቤተ ክርስቲያናቸው በኢትዮጵያ ሕጋዊ ዕውቅና ያገኘው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

ከውጭ የመጡት መምህራን ከፊደልና ከመጽሐፍ ጋር የየአገራቸውን ምልክት ይዘው ገቡ፤ ከአሜሪካ የመጣው ምልክት አለ፣ ከሰሜን አውሮፓ የመጣውም አለ። ልጆቹ ግን የተሰጣቸውን እንዳለ ተቀብለው አልቀሩም። በመኝታ ክፍልና በጨዋታ ሜዳ ከአገር ቤት ይዘውት ከመጡት ምልክት ጋር አዋሐዱት። ከሁሉ የሚደንቀው የአማርኛው የጣት ፊደል ነው። የእንግሊዝኛው የጣት ፊደል ለ26 ሆሄ 26 ምልክት ይበቃዋል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ቤት ሰባት ልጆች አሉት። ለሁሉም ለየብቻ የእጅ ቅርፅ ቢበጅ ከ200 በላይ መያዝ ያስፈልግ ነበር። መፍትሔው ይህ ሆነ፤ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት አንድ የእጅ ቅርፅ ተሰጠ፣ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ያለው ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ተለየ። የፊደሉ ገበታ በአየር ላይ ተጻፈ ማለት ነው።

መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩም የምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላት አሳተመ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። እንግዳ ሆኖ የመጣው ትምህርት የቤቱ ልጅ ሆነ።

ወደ አዴት ገጠር

እንግዲህ ወደ ጎጃም እንሻገር። ከባሕር ዳር በስተደቡብ በሞጣ መንገድ ላይ ያለችው አዴት በእርሻ ምርምር ማዕከሏ የታወቀች ናት። አዲስ የስንዴና የጤፍ ዘር ከምርምር ጣቢያ ወጥቶ በግብርና ባለሙያ እጅ እስከ ገበሬው ማሳ ይደርሳል። ዘሩ በመጋዘን ቢቀር ጥቅም እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። የምልክት ቋንቋ ግን ገና በመጋዘን ያለ ዘር ነው፤ ልዩ ክፍል ያላቸው ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሚገኙት በከተማ ነው።

ደግሞም ይህ አገር ጆሮ የከበረበት አገር ነው። የጎንጅና የዋሸራ የቅኔ ጉባኤ የተሠራው በመስማት ነው። ተማሪው ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ይይዛል፣ የራሱን ቆጥሮ በቃሉ ይዘርፋል። ተረቱ፣ ምሳሌው፣ የሽምግልናው ክርክር፣ የለቅሶው ሙሾ ሁሉ በጆሮ የሚገባ ነው። በዚህ መካከል የተወለደ የማይሰማ ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ እርፍ ይይዛል፣ ከማንም ያላነሰ ይሠራል። እናቱም ምልክቱን ታውቃለች፤ ቀንዱን አሳይቶ በሬ፣ እጁን አመሳቅሎ ቤተ ክርስቲያን ሊል ይችላል። ነገር ግን ይህ የቤት ምልክት ከአጥሩ አይወጣም። ስለ ነገ፣ ስለ አያቶቹ፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ሕመሙ ለመጠየቅ አይበቃውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ ሕክምናና ድጋፍ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር ያለባቸው ሰዎች በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በልጅነት ከሚደርሰው ችግር 60 በመቶው ሊከለከል የሚችል ነው። ፎስተርን ያደነቆረው ማጅራት ገትር ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው ቀጠና የቆየ ጠላት ነው፤ ክትባትና ቶሎ መታከም ስንት ጆሮ እንደሚያድኑ ከዚህ ይታወቃል። ከተሳናቸው ልጆች ደግሞ ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ወላጆቹ የልጃቸውን ቋንቋ አያውቁም ማለት ነው። ጊዜም አይጠብቅም፤ አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በ15 ዓመቱ ትምህርት ቤት የደረሰ ልጅ ያመለጠው ፊደል ብቻ አይደለም።

የራሳችን ቋንቋም በዚህ በደል ውስጥ እጁ አለበት። ደንቆሮ የሚለው ቃል የማይሰማውንም የማያውቀውንም በአንድ ገመድ አስሯል። ያልሰማ ሰው ሁሉ አላዋቂ የመሰለን ባላስተማርነው ምክንያት መሆኑን አንመረምርም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ መናገር የሚችል ሰው ወዶ ሲመርጠው እውነት ነው። ሌላ ምርጫ ለሌለው ሰው ግን ዝምታ ወርቅ ሳይሆን እስር ቤት ነው።

ለተማሪውና ለወጣቱ ሹም

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከዚያ በፊት ወጥቷል። ሕጉ አለ፤ ነገር ግን ሕግ በገጠር የሚገለጠው በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ወጣት ሹም ፊት ነው።

አንድ የማይሰማ ገበሬ ስለ መሬቱ ጉዳይ ከወንድሙ ጋር ወደ ቢሮህ ቢመጣ ወደ ማን ትመለከታለህ? አብዛኛው ሰው ወንድሙን አነጋግሮ ባለጉዳዩን ይረሳዋል። ወንድሙ ደግሞ ምናልባት የዚያው መሬት ተካፋይ ይሆናል። ጩኸት አይጠቅምም፤ ድምፅ ቢጨመር የማይሰማ ጆሮ አይከፈትም። ባለጉዳዩን ፊት ለፊት ማየት፣ ብርሃን ፊትህ ላይ እንዲወድቅ መቀመጥ፣ ማንበብ የሚችል ከሆነ ጽፎ ማሳየት፣ ተራ ሲደርስ በስም ከመጥራት ይልቅ ቁጥር ማሳየት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን አስተርጓሚ መፈለግ፤ ይህ ሁሉ ልዩ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። የጣት ፊደሉንም ትጉህ ተማሪ በጥቂት ቀናት ሊይዘው ይችላል። የዩታው ወጣት ሁለት ዓመት ከቤቱ ተለይቶ በራሱ ወጪ የሚማረውን፣ የእኛ ተማሪ በክረምት ዕረፍቱ ሊጀምረው አይገባምን?

መምህር ሆኖ ወደ ገጠር የሚመደበው ወጣት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ዕድል አለው። የልጆችን ስም ሲመዘግብ ቤት የቀረ የማይሰማ ልጅ እንዳለ ይጠይቅ። ወላጆች አፍረው ወይም ምን ይማራል ብለው ያልተናገሩት ልጅ ሊኖር ይችላልና። ያንን ልጅ ማግኘት የሥራው መጀመሪያ ነው። ሚሲዮናዊውም ቢሆን ከመስበኩ በፊት ሲፈልግ እንደሚውል አይተናል።

በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በስሙ አዲሱን ዓመት የምንቀበለው ቅዱስ ዮሐንስ ስም የወጣለት እንዴት እንደሆነ ወንጌል ይነግረናል። አባቱ ዘካርያስ አንደበቱ ተዘግቶ ነበር። ዘመዶቹ ግን አይናገርም ብለው አልተዉትም፤ በምልክት ጠየቁት፣ ሰሌዳም ሰጡት፤ እርሱም የልጁን ስም ጻፈ። ዘመዶቹ ባይጠይቁት ኖሮ ልጁ በሌላ ስም ይጠራ ነበር። በአዴት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠርም በምልክት የሚጠይቃቸውና ሰሌዳ የሚያቀብላቸው ሰው የሚጠብቁ አሉ።